የሐሞት ቱቦ ያልተለመደ መንገድ ሲይዝ፦ ስለ አረንጓዴው ብርሃን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምናን የሚመለከቱ አራት ደብዳቤዎችን ይዘን ቀርበናል። ሁሉም በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ስለሚደረገው ሕክምና የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የሌሎቹም መሠረት ስለሆነ መልሱ ረዝሟል።

ጥያቄ፦ ክቡር ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ቅባት የበዛበት ምግብ በበላሁ ቁጥር ከቀኝ ጎድኔ ሥር የሚነሣና እስከ ትከሻዬ የሚዘልቅ ሕመም ይይዘኛል። በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር እንዳለብኝ ታወቀ። ከዚያም ሐኪሜ የሐሞት ቱቦዎችን ለይቶ የሚያሳየውን የኤምአርአይ ምርመራ አዘዘልኝና፣ ከጉበቴ የቀኝ የኋላ ክፍል የሚወጣው ቱቦ ከተለመደው ቦታ ዝቅ ብሎ እንደሚገባ፣ የሐሞት ከረጢቴም ቱቦ ከእርሱ ጋር በጣም እንደሚቀራረብ ነገረኝ። ቀዶ ሕክምናውን በላፓሮስኮፒ፣ የሚያበራ ቀለም በደም ሥሬ ሰጥቶ ሊሠራልኝ አስቧል። ወንድሜ ግን “እንዲህ ያለ ነገር ካለማ ሆድሽ ተከፍቶ ቢሠራ ይሻላል” ይለኛል። ይህ ብርሃን ምንድን ነው? ከጉዳትስ ይጠብቀኛል?
ወ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ በመጀመሪያ ሐኪምዎ ይህን ልዩነት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማወቁ ትልቅ ነገር መሆኑን ልንገርዎ። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር በሰውነታቸው መኖሩ የሚታወቀው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንዳንዶቹም ዘንድ የሚታወቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

በተለመደው አሠራር፣ ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት በቀኝና በግራ የጉበት ቱቦዎች ይወርዳል፤ ሁለቱ ከጉበት ወጣ እንዳሉ ተገናኝተው አንድ የጋራ ቱቦ ይሆናሉ። የሐሞት ከረጢቱ ቱቦ ከጎን መጥቶ ሲቀላቀላቸው ከዚያ በታች ያለው ዋናው የሐሞት ቱቦ ይባላል፤ እርሱም ከቆሽት ራስ ጀርባ አልፎ ወደ ትንሹ አንጀት ይገባል። የሐሞት ከረጢትን የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም መቁረጥ ያለበት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የከረጢቱን ቱቦና ለከረጢቱ ደም የሚያመጣውን ደም ቅዳ። ሌላው ሁሉ ሳይነካ መቅረት አለበት።

ነገር ግን የጉበት ቱቦዎች በዚህ በመጽሐፍ በሚሳለው መልክ የሚገኙት ከ10 ሰዎች በ6 ያህሉ ብቻ ነው። በቀሩት ላይ ቅርንጫፎቹ በሌላ ቦታ ይገናኛሉ። የቀኝ የኋለኛው ክፍል ቱቦ በአንዳንዱ ሰው ወደ ግራው ቱቦ ይገባል፤ በሌላው ብቻውን ዝቅ ብሎ ከጋራው ቱቦ ጋር ይገናኛል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የሐሞት ከረጢቱ ቱቦ ራሱ ወደ እርሱ ይፈስሳል። ይህ ከልደት ጀምሮ ያለ የአፈጣጠር ልዩነት እንጂ በሽታ አይደለም፤ ጠጠር ባይኖርብዎት ኖሮ ዕድሜዎን ሙሉ ሳያውቁት ይኖሩ ነበር።

አደጋው የሚመጣው ቦታው ጠባብ በመሆኑ ነው። ዝቅ ብሎ የሚገባው ቱቦ በከረጢቱና በጉበቱ መካከል ባለው፣ በትክክል ቀዶ ሐኪሙ በሚሠራበት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ወይም ዳር ላይ ያልፋል፤ ውፍረቱም ከሐሞት ከረጢቱ ቱቦ ብዙ ላይለይ ይችላል። በስሕተት ከተቆረጠ፣ ከዚያ የጉበት ክፍል የሚመጣው ሐሞት ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። በክሊፕ፣ ማለትም ቱቦን ቆንጥጦ በሚዘጋ ትንሽ መያዣ፣ ከታሰረ ደግሞ ሐሞቱ ይታቆርና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ወይም ያ የጉበት ክፍል በጊዜ ብዛት ሊሰልል ይችላል። ይህን ጉዳት ተንኮለኛ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። በኢንዶስኮፒ በኩል በአንጀት ገብተው ቀለም ወደ ሐሞት ቱቦዎች ሲረጩ፣ የተቆረጠው ክፍል ከሌላው ስለተለየ ቀለሙ አይደርስበትም። ስለዚህ ፊልሙ ደኅና ይመስላል፤ የጎደለውን ቅርንጫፍ የሚያስተውለው የቱቦዎቹን ቁጥር ከጉበቱ ክፍሎች ጋር የሚያመሳክር ሰው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ስሕተት የሚፈጸመው ባልሠለጠነ እጅ ብቻ እንዳይመስልዎ። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ላውረንስ ዌይና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በ252 የሐሞት ቱቦ ጉዳቶች ላይ ያደረጉትን ትንተና አሳትመው ነበር። ከጉዳቶቹ 97 በመቶ የሚሆኑት ዋና መነሻቸው የእይታ መሳሳት እንደሆነ ደረሱበት፤ የእጅ ጥበብ ወይም የዕውቀት ማነስ ዋናው ምክንያት የሆነው በጥቂቶቹ ብቻ ነው። ቀዶ ሐኪሙ አንዱን ቱቦ ሌላው ነው ብሎ ያምናል፤ ካመነ በኋላም ዐይኑ ያመነውን ማየቱን ይቀጥላል። ስለ ብርሃኑ ከመናገሬ በፊት ይህን ያነሣሁት፣ ብርሃኑ የተፈለገው ዐይን እንዲህ ሊያታልል ስለሚችል ነው።

ቀለሙ ኢንዶሳያኒን ግሪን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፎቶግራፍ ኩባንያው በኮዳክ ቤተ ሙከራ የተሠራ ሲሆን፣ በአሜሪካ ለሕክምና አገልግሎት የተፈቀደው በ1959 ነው። መጀመሪያ ያገለገለው ልብ የሚረጨውን ደም ለመለካትና የጉበትን ጥንካሬ ለመመርመር ነበር፤ በኋላም የዐይን ሐኪሞች በዐይን ጀርባ ያሉ ደም ሥሮችን አዩበት። በደም ሥር ሲሰጥ ከደም ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ከደም የሚያወጣው ጉበት ብቻ ነው፤ ጉበትም ሳይለውጠው ከሐሞት ጋር ያፈስሰዋል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በየ3 ወይም 4 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥቂት ቆይቶ ቀለሙ የሚገኘው ሐሞት ባለበት ቦታ ነው፤ እኛም ማየት የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ቀለሙ በራሱ አያበራም። ካሜራው 800 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ፣ ዐይናችን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲልክበት፣ ቀለሙ ያንን ተቀብሎ 830 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ሌላ ብርሃን ይመልሳል። ልዩው ካሜራ ይህንን ይቀበልና በሞኒተሩ ላይ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ቀለም ያሳየዋል። ኢንፍራሬድ የተመረጠበት ምክንያት ደምም ውሃም እርሱን እምብዛም ስለማይመጡት ነው፤ የተራው መብራት ብርሃን የሚቆምበትን ስስ ስብና ሽፋን አልፎ ይሄዳል። የራጅ ጨረር የለበትም፤ ቱቦውንም መቁረጥ ወይም መብሳት አያስፈልግም። ካሜራውን ከተራው ብርሃን ወደ አረንጓዴው መለወጥ የአንድ ቁልፍ ጉዳይ ስለሆነ፣ ቀዶ ሐኪሙ በሥራው መካከል ደጋግሞ ሊያይበት ይችላል።

ይህን ለሐሞት ቱቦዎች በላፓሮስኮፒ ያስጀመሩት በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ታኬአኪ ኢሺዛዋና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በ52 ሕሙማን ላይ ሠርተውበት፣ ከእነዚህ ውስጥ በ8ቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታወቁ ተጨማሪ የጉበት ቱቦዎች ነበሩ፤ ብርሃኑም እነዚያን አሳይቷቸዋል። ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ግኝት ነው።

በተግባር ብዙ የሚወሰነው በሰዓቱ ነው። ብዙ ቡድኖች 2.5 ሚሊግራም የሚሆን ቀለም ከሥራው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በላይ አስቀድመው ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ቀለሙ በቅርብ ከተሰጠ ጉበቱ ራሱ ደምቆ ያበራና አጠገቡ ያሉትን ቱቦዎች ይውጣቸዋል። ከብዙ ሰዓታት በፊት ሲሰጥ ጉበቱ ይደበዝዛል፤ ቱቦዎቹ ግን እንደበሩ ይቆያሉ። እኔ በግሌ የአፈጣጠር ልዩነት በሚጠረጠርበት ሰው ላይ ቀለሙ ቀደም ብሎ ቢሰጥ እመርጣለሁ፤ ሌሊቱን ወይም ማለዳ በተኙበት ክፍል ነርሷ ብትሰጥዎ አይገረሙ።

እርስዎ ዘንድ ሐኪምዎ ይህን ብርሃን በሦስት ጊዜ ሊጠቀምበት ይገባል ብዬ አስባለሁ። መጀመሪያ፣ ምንም ሳይነካ፣ ከረጢቱን ወደ ላይ አንሥቶ የትኛው መስመር ከየት ወደየት እንደሚሄድ ይመለከታል። ቀጥሎ ስቡን እያጸዳ ሲሄድ ደጋግሞ ይመለከታል፤ ስብና ሽፋን በተነሣ ቁጥር ተደብቆ የነበረ ቱቦ ሊወጣ ይችላልና። በመጨረሻም ክሊፕ ከማስገባቱ በፊት፣ ሊቆርጥ ያሰበው ቱቦ በእርግጥ ከከረጢቱ ብቻ የሚወጣ መሆኑን ያረጋግጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ “ከጉዳት ይጠብቀኛል?” ላሉት እውነተኛው መልስ “ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይጠብቅም” የሚል ነው። ብርሃኑ የሚያልፈው ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር የሚሆን ሥጋ ብቻ ነው። ወፍራም ስብ ወይም ከረጢቱ በተደጋጋሚ በመቆጣቱ የጠነከረ ጠባሳ ካለ፣ ከበስተጀርባው ያለው ቱቦ አይታይም። የከረጢቱ ቱቦ በጠጠር ከተዘጋ ቀለም የያዘ ሐሞት ወደ ከረጢቱ ስለማይገባ ከረጢቱ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በቱቦው ውስጥ ያለ ጠጠርን አስተማምኖ አያሳይም፤ ለዚያ በሥራው ላይ የሚነሣ የራጅ ፊልም ይሻላል፤ ይህን ፊልም አርጀንቲናዊው ፓብሎ ሚሪዚ እ.ኤ.አ. በ1931 የጀመሩት ሲሆን ዛሬም ቦታውን አልለቀቀም። ሐሞት ሥራው መካከል ከፈሰሰ ደግሞ ቀለሙ አካባቢውን ሁሉ ስለሚበክለው ብርሃኑ ጥቅም ያጣል። ከሁሉም በላይ፣ ያልበራ ቦታ ላይ ቱቦ የለም ማለት አይደለም። አንድ ቀዶ ሐኪም አረንጓዴ ስላላየ ብቻ ከቆረጠ፣ ቀድሞ በዐይኑ ይሳሳት የነበረውን አሁን በካሜራው ተሳሳተ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በ639 ሕሙማን ላይ በዕጣ ተከፋፍሎ የተሠራ ጥናት ታትሟል፤ በብርሃኑ የታገዙት ቀዶ ሐኪሞች ቱቦዎቹን ከተራው መብራት ይልቅ የተሻለ እንዳዩ አረጋግጧል። የተሻለ ማየት ግን ጉዳት መቀነሱን በቁጥር ማስረዳት አይደለም። በላፓሮስኮፒ የሐሞት ቱቦ ጉዳት የሚደርሰው ከ1,000 ሰዎች ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር በግማሽ መቀነሱን ለማሳየት ከ10,000 በላይ ሕሙማን ያስፈልጋሉ። አምስት የቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ጉዳትን ስለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት የጋራ መመሪያም ብርሃኑ ለተራው መብራት አጋዥ ሆኖ ሊያገለግል እንደሚችል ገልጸው፣ የጥንቃቄ አሠራርን እንደማይተካ አስጠንቅቀዋል። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የወንድምዎ ስጋት የፍቅር ስጋት ነው፤ መሠረትም አለው። የሐሞት ከረጢት እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ውስጥ ካርል ላንገንቡኽ መጀመሪያ ካወጡበት ጊዜ አንሥቶ ኤሪክ ሙሄ በ1985 በጀርመን በላፓሮስኮፒ እስካወጡበት ድረስ መቶ ዓመት ያህል ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ኖሯል፤ ላፓሮስኮፒ ሲስፋፋም የቱቦ ጉዳት ከቀድሞው ከፍ ብሎ ታይቷል። ነገር ግን ሆድ መክፈት የቱቦውን መንገድ አይለውጠውም፤ ዝቅ ብሎ የገባው ቱቦ በተከፈተ ሆድም እዚያው ነው። በላፓሮስኮፒ ካሜራው አጉልቶ ያሳያል፤ ብርሃኑም የሚገኘው በእርሱ ነው። ቁም ነገሩ ሐኪሙ በላፓሮስኮፒ ጀምሮ ነገሩ ግልጽ ካልሆነለት ለመክፈት ወይም ሌላ መንገድ ለመያዝ ፈቃደኛ መሆኑ ነው። እርስዎም በስምምነት ፎርሙ ላይ ሲፈርሙ “ካስፈለገ ይክፈቱኝ” ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ ሲነቁ ሆድዎ ተከፍቶ ቢያገኙት ሐኪሙ አልቻለም ብለው አይዘኑ። ከዚህ በተጨማሪ የኤምአርአዩ ፊልም፣ ሪፖርቱ ብቻ ሳይሆን ፊልሙ ራሱ፣ በቀዶ ሕክምናው ክፍል እንዲኖር ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው እስራኤል አገር ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ሲሆን ከአገር ቤት ጀምሮ እንቅርት አለባት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሲቲ ስካን መድኃኒት ተሰጥቷት ሰውነቷ አሳክኳትና ተንደብድቦ ነበር። አሁን የሐሞት ከረጢቷን ሊያወጡላት ነው፤ አረንጓዴው ቀለም አዮዲን እንዳለበት ሰማሁና ፈራሁ። ሽንቷንስ አረንጓዴ ያደርገዋል?
ልጇ፣ ከረሖቮት

መልስ፦ ስለ እናትዎ መጨነቅዎ ይገባዎታል፤ ጥያቄውም ሐኪሞቹ ሊሰሙት የሚገባ ነው። የቀለሙ ዱቄት እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ሶዲየም አዮዳይድ ይዟል። በ2.5 ሚሊግራም ውስጥ ይህ ቢበዛ 0.125 ሚሊግራም ይሆናል፤ በውስጡ ያለው አዮዲንም አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም አይበልጥም። ስለዚህ በመጠን ረገድ እንቅርቷን የሚቀሰቅስ ነው ተብሎ አይፈራም። አለርጂ ግን መጠንን አይጠብቅም። በሲቲ ስካኑ መድኃኒት የደረሰባት ማሳከክ አብዛኛውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ውሁድ እንጂ ከአዮዲኑ የመጣ አይደለም፤ ቢሆንም ለማደንዘዣ ባለሙያውም ለቀዶ ሐኪሙም በቃልም በጽሑፍም ይንገሯቸው። በአዮዲን ምክንያት አለርጂ እንዳለው በተረጋገጠ ሰው ላይ ይህ ቀለም አይሰጥም፤ በአንዳንድ አገሮች አዮዳይድ የሌለበት ዝግጅት ስለሚገኝ እርሱ መኖሩን መጠየቅ ይቻላል። ካልተገኘም ሥራው ያለ ብርሃኑ በጥንቃቄ ይሠራል። ከባድ የአለርጂ ምላሽ በጣም ጥቂት ጊዜ የታየ ቢሆንም ታይቷል፤ ቀለሙ ዝግጁ የሆነ ሰውና መድኃኒት ባለበት ቦታ እንዲሰጥ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አይርሱ። እናትዎ ለእንቅርቷ በጨረር አዮዲን የሚደረገው የታይሮይድ ምርመራ የታዘዘላት ከሆነ፣ ይህን ቀለም ከወሰደች በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት መቆየት አለበት፤ ያለበለዚያ የምርመራው ውጤት ይዛባል። የእንቅርት ሐኪሟና ቀዶ ሐኪሟ በተለያየ ቦታ የሚሠሩ ከሆነ ይህን መልእክት የሚያደርሰው ልጅ ነው። ሽንቷ ግን አይለወጥም፤ ቀለሙ በኩላሊት አይወጣም፣ በሐሞት አድርጎ ወደ አንጀት ይሄዳል እንጂ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ ልባቸው በቀኝ፣ ጉበታቸው በግራ በኩል እንደሆነ ሲነገራቸው የ58 ዓመት ሰው ነበሩ። አሁን የሐሞት ጠጠር ተገኘባቸው፤ ሕመማቸውም በግራ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው በላፓሮስኮፒ ይሠራል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ይሠራል። የሆድ ዕቃ በሙሉ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ሰው ላይ በላፓሮስኮፒ የሐሞት ከረጢት ማውጣት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲደረግ ቆይቷል። ችግሩ በይበልጥ የቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ሞኒተሩም፣ ረዳቱም፣ ቀዳዳዎቹም ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቀኝ እጅ የለመደውንም ሥራ ግራው ሊሠራው ይገደዳል። ዐይን ለዓመታት የለመደው ምስል በተገለበጠበት ሥራ ላይ፣ ቱቦው የት እንዳለ በቀለም የሚያሳይ ብርሃን ጥቅሙ ከወትሮው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የደም ሥሮችና የቱቦዎች ሌላ ልዩነት ሊኖራቸው ስለሚችልም፣ የኤምአርአይ ምርመራ አስቀድሞ ቢደረግላቸው መልካም ነው። አባትዎ የግራ ሆድ ሕመም ሲይዛቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሄዱ፣ ስለ አፈጣጠራቸው የሚገልጽ ወረቀት በኪሳቸው ይኑር፤ የማያውቃቸው ሐኪም ሐሞትን በግራ አይፈልግምና።

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ። እኛ ጋ ላፓሮስኮፒ የተጀመረው በቅርቡ ሲሆን፣ የሚያበራውን ቀለም የሚያይ ካሜራ የለንም። ስለዚህ ቴክኖሎጂ ባነበብኩ ቁጥር ታካሚዎቼን ያለ ዐይን የምሠራ መስሎ ይሰማኛል። ያልተለመደ አፈጣጠር ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ያለ ዐይን አይደለህም። በዓለም ላይ ከሚሠራው የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና እጅግ የሚበዛው ያለዚህ ብርሃን ይሠራል፤ ጉዳትን በመከላከል ረገድ ከብርሃኑ ይበልጥ ክብደት የምሰጠው ደግሞ ካሜራ የማይጠይቅ ሥርዓት ነው።

ስቲቨን ስትራስበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ያስቀመጡትን ሦስት ሁኔታዎች ታውቃቸዋለህ፤ ግን ለራስህ ጮክ ብለህ ሳታረጋግጥ ክሊፕ አታስገባ። በከረጢቱና በጉበቱ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ከስብና ከጠባሳ ጠርቶ ይታይ፤ ዋናውን ቱቦ ግን ቆፍረህ ማውጣት አይጠበቅብህም። የከረጢቱ የታችኛው ሲሶ ከጉበቱ ተላቅቆ የጉበቱ አልጋ ይታይ። ከዚያ በኋላ ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች፣ ሁለት ብቻ መሆናቸውን ከፊትም ከኋላም እያየህ አረጋግጥ። ሦስተኛ ነገር ካየህ እርሱ ልዩ ቱቦ ወይም ልዩ ደም ሥር ነው፤ እስኪታወቅ ድረስ አይቆረጥም። በተለይ ወደ ከረጢቱ ጉብ ብሎ የሚጠጋውን የቀኝ የጉበት ደም ቅዳ የከረጢቱ ደም ቅዳ አድርገህ እንዳታየው ተጠንቀቅ፤ ከጠበቅከው በላይ የወፈረ ደም ቅዳ ሁልጊዜ ይጠርጠር።

በጉበቱ የቀኝ ክፍል ሥር ያለውን የሩቪየር ስንጥቅ ፈልግ፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ይገኛል። ከእርሱ ተነሥቶ ወደ ጉበቱ አራተኛ ክፍል ሥር በሚሰመር ሐሳባዊ መስመር በላይ ከሠራህ ዋናው ቱቦ ከበታችህ ነው። ከመስመሩ በታች እየሠራህ ራስህን ካገኘኸው ቁምና ካሜራውን ወደኋላ ስበህ ሰፊውን እይ። ከባድ ውሳኔ ከመወሰንህ በፊት ሌላ ባልደረባ ገብቶ እንዲያይ ጥራ፤ የአንተ ዐይን ያመነውን የእርሱ ዐይን ገና አላመነውምና።

ሦስቱ ሁኔታዎች ካልተሟሉ መውጫ መንገዶች አሉ። ከረጢቱን በከፊል ቆርጦ፣ ጠጠሩን አውጥቶ፣ አደገኛውን የታችኛውን ክፍል ባለበት መተው የታወቀ መፍትሔ ነው፤ ቀሪው ላይ ሐሞት ቢያፈስስ እንኳ ድሬይን፣ ማለትም ፈሳሹን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ፣ ይይዘዋል፤ ከተቆረጠ ዋና ቱቦ ጋር አይወዳደርም። በጣም በታመመ ሰው ላይ ከረጢቱን በቱቦ አስፍስሶ ለሌላ ቀን መተው ይቻላል። መክፈትም ይቻላል፤ ግን ከፍተህም ያው ሦስት ሁኔታ ይጠበቅብሃል። በጠባሳ የጠነከረን ከረጢት ከላይ ወደ ታች በግድ ማላቀቅ ከባድ የደም ሥርና የቱቦ ጉዳት ያመጣባቸው አጋጣሚዎች በጽሑፍ ተዘግበዋል፤ ስለዚህ ጠባሳው ካልፈቀደልህ እዚያም ላይ ቁም።

ጉዳት መድረሱን ካወቅህ፣ በሐሞት ቱቦ ጥገና የሠለጠነ ሰው ከሌለ ራስህ ለመጠገን አትሞክር። ድሬይን አስገባ፣ ያየኸውን በሥዕል ጭምር በካርዱ ላይ ጻፍ፣ ለቤተሰቡ እውነቱን ንገር፣ ቶሎ ሪፈር ጻፍ። የመጀመሪያው ጥገና በሠለጠነ እጅ ሲሆን ውጤቱ የተሻለ እንደሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል። ታካሚህ በሰላም ወደ ቤት ቢሄድም፣ ከቀን ወደ ቀን የሚቀንስ ሳይሆን የሚጨምር የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የዐይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ወይም የሰገራ መንጣት ካየ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን እንዲመለስ፣ በሚገባው ቋንቋ አንተው ራስህ ንገረው፤ ቤተሰቡም አብሮ ይስማ።